የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል?

«የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፤ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል?» ይላል ያገሬ ሰው። ይህን ተረት ያወጣው ወጌሻ ሳይሆን አይቀርም እላለሁ። እግር ሲወለም የቱ ጋ እንደሚታሽ ያውቃል፤ ምላስ ሲወለም ግን እሱም እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር የሚያደርገው የለም። መቼም የኔና የናንተ ምላስ ሲወለም ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፤ ቢበዛ ለአንድ ሳምንት የላውንጅ መሳቂያ ሆነን ያልፋል። ጣጣው የመሪ ምላስ ሲወለም ነው። ካሜራ አለ፣ ማይክራፎን አለ፣ አስተርጓሚ አለ፣ ተቃዋሚ አለ፤ ዛሬ ደግሞ ቪዲዮውን ቆርጦ በአስር ደቂቃ ለዓለም የሚያዳርስ ስልክ በየኪሱ አለ።

ይህን ርዕስ እንዳነሳ ያደረገኝ በሳይኮሊንጉስቲክስ ክፍለ ጊዜ ተጀምሮ ላውንጅ ድረስ የተከተለን ክርክር ነው። ግማሾቻችን «ሰው ሲሳሳት ነው እውነቱን የሚናገረው፤ አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ምላስ ሥጋ ነው፤ ሲደክም ይደናቀፋል፤ ከዚያ ሌላ ምንም ትርጉም የለውም» ብለን ድርቅ አልን። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ ግን አልበረደም። እኔም ጉዳዩን እያሰብኩ የመሪዎችን ስህተት ስሰበስብ ከረምኩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በየመስመሩ እ.ኤ.አ. እያልኩ እንዳላሰለቻችሁ ነው። ሰዓቱን ግን በኛ ነው የምቆጥረው።)

ከሁሉ አስቀድሜ የበርሊኑን ላውራ፤ ከማውቃቸው የባለሥልጣን ስህተቶች እንደሱ ትልቅ ነገር ያመጣ የለምና።

ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሽት በምሥራቅ በርሊን ጋዜጣዊ መግለጫ ነበር። መግለጫውን የሚሰጡት የገዥው ፓርቲ ፖሊት ቢሮ አባል ጉንተር ሻቦቭስኪ ናቸው። ያን ሰሞን የምሥራቅ ጀርመን ሕዝብ በሃንጋሪና በቼኮስሎቫኪያ በኩል አገሩን ጥሎ ይጎርፋል፤ በየከተማው ሰልፍ ነው። መንግሥት ግፊቱን ለማስተንፈስ አዲስ የጉዞ ደንብ አረቀቀ፤ መውጣት የሚፈልግ ሁሉ ያለ ብዙ ጣጣ ቪዛ ይሰጠው የሚል። ልብ በሉ፣ ቪዛ ነው የተባለው። ሰዉ በማግስቱ ቢሮ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ማኅተም አስመትቶ በሥርዓት ይወጣል ተብሎ ነው የታሰበው። ዜናውም ይፋ የሚሆነው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነበር፤ ማለትም አገሩ ሁሉ ተኝቶ፣ የድንበር ጠባቂዎችም ትእዛዝ ደርሷቸው።

ሻቦቭስኪ ደንቡ ሲመከርበት አልነበሩም። ከመግለጫው ትንሽ ቀደም ብሎ የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ኤጎን ክሬንዝ ወረቀቱን ሰጧቸው፤ እሳቸውም በቅጡ ሳያነቡት ከሌላው ወረቀት ጋር ቀላቅለው ገቡ። መግለጫው በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። አንድ ሰዓት ያህል አሰልቺ ወሬ ከተወራ በኋላ፣ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ፣ አንድ ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ስለ ጉዞ ሕጉ ጠየቀ። ሻቦቭስኪ ወረቀታቸውን ፈልገው አነበቡ። «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጸናው?» ተባሉ። ወረቀቱን አገላበጡ፣ ቃል ፈለጉ፣ ተንተባተቡና «እኔ እስከማውቀው… ወዲያውኑ፣ ሳይዘገይ» አሉ።

አለቀ። የምዕራብ ጀርመን ቴሌቪዥን ወሬውን ተቀብሎ ምሽቱን ሲያራግበው ዋለ ልበል፣ አመሸ። ሕዝቡ ፒጃማውንም ኮቱንም እንደለበሰ ወደ ኬላዎቹ ተመመ። በቦርንሆልመር ጎዳና ኬላ ላይ ተረኛ የነበረው መኮንን ሃራልድ ዬገር አለቆቹ ጋ ደጋግሞ ደወለ፤ የሚይዝ የሚጨብጠው መልስ አላገኘም። መጀመሪያ በጣም የሚጮኹትን ብቻ እየለየ እንዲያሳልፍና ፓስፖርታቸው ላይ መመለስ የሚከለክል ማኅተም እንዲመታ ታዘዘ። ሕዝቡ ግን ጎርፍ ሆነ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ዬገር በሩን አስከፈተ። ከ1961 ጀምሮ ቢያንስ 140 ሰው የሞተበት ግንብ፣ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ እንኳ አንድ የ20 ዓመት ወጣት ሊሻገር ሲል የተገደለበት ግንብ፣ በዚህ ዓይነት ተከፈተ።

አሁን ወደ እኛ ሙያ እንምጣ። የሻቦቭስኪ ስህተት የቱ ላይ ነው? ድምፁ ትክክል ነው፣ ሰዋስዉ ትክክል ነው። የሚገርመው ደግሞ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ራሱ ወረቀቱ ላይ ነበር! ከኪሳቸው አላወጡትም። ችግሩ «ወዲያውኑ» እንደ «እዚህ»፣ እንደ «ዛሬ»፣ እንደ «አሁን» ያለ ቃል መሆኑ ነው፤ ማን፣ መቼ እንደተናገረው ካልታወቀ ትርጉሙ አይሞላም። ወረቀቱ ላይ ሲጻፍ «ይህ ደንብ ከተነገረበት ጊዜ ጀምሮ» ማለት ነበር፤ የሚነገረውም ነገ ነው። ሻቦቭስኪ አፍ ላይ ሲደርስ ግን «ነገ» ወደ «ዛሬ ማታ» ተለወጠ። በፕራግማቲክስ ኮርስ ስለ አመልካች ቃላት ስንማር በስንት ምሳሌ እንቅልፋችን መጥቷል! ይህን ቢነግሩን አንድም ሰው የሚያንቀላፋ አይመስለኝም።

በነገራችን ላይ ሻቦቭስኪ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ ለዚያ ምሽት ግን አይደለም። ግንቡ ላይ ለተገደሉት ሰዎች ተጠያቂ ከተባሉት ባለሥልጣናት አንዱ ሆነው በ1997 የሦስት ዓመት እስር ተፈረደባቸው፤ ታስረውም አንድ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በምሕረት ወጡ። በ2015 ሲሞቱ የዓለም ጋዜጦች ያስታወሷቸው በዚያች በአንዲት ቃል ነው። የሰው ልጅ ዕድል ይገርማል፤ ስንት ዓመት በጥንቃቄ የተናገረውን ማንም ሳያስታውስለት፣ የተንተባተበባት ደቂቃ ስሙ ሆና ትቀራለች።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። «ሲሳሳቱ እውነት ይወጣል» የሚለው ወገን አባቱ ፍሮይድ ነው። ፍሮይድ በ1901 ባወጣው ስለ ዕለታዊ ኑሮ ስህተቶች በሚያወራው ሥራው ውስጥ የአንድ የኦስትሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤን ነገር ያነሳል፤ ሰውዬው ስብሰባውን ሊከፍቱ ተነስተው «ስብሰባው ተዘግቷል» አሉ። ፍሮይድ ሲተረጉመው፣ አፈ ጉባኤው ከስብሰባው ደግ ነገር አልጠበቁም፤ ቶሎ ባለቀልኝ እያሉ ነበር ይላል። ምሳሌው ግን የፍሮይድ የራሱ አይደለም። የወሰደው ከቋንቋ ሊቁ ከሩዶልፍ ሜሪንገር ነው፤ ሜሪንገር ከካርል ማየር ጋር ሆኖ በ1895 የንግግር ስህተቶችን ሰብስቦ አሳትሞ ነበር። ሜሪንገር ነገሩን ያየው በሌላ ዓይን ነው፤ «መክፈት» እና «መዝጋት» በአእምሯችን ጎን ለጎን የተቀመጡ ቃላት ናቸው፣ እጅ ወደ አንዱ ሲዘረጋ ሌላውን ቢያነሳ አይገርምም ባይ ነው።

ከነሱ በኋላ ቪክቶሪያ ፍሮምኪን በ1971 ባሳተመችው ጥናት ነገሩን በእንግሊዝኛ አስፍታ አሳየች። ሰው ሲሳሳት እንደ እብድ አይሳሳትም፤ ስህተቱም ሕግ አለው። ድምፆች ቦታ ይለዋወጣሉ፣ የወጣው ቃል ግን አብዛኛውን ጊዜ ያ ቋንቋ የሚፈቅደው ዓይነት ድምፅ ነው። ወደ ኛ ቋንቋ ስትመጡ፣ «ክብሪት» የሚለውን ስንት ሰው «ክርቢት» እንደሚለው ልብ ብላችሁ ስሙ። «ብ» እና «ር» ቦታ ተለዋወጡ፤ የቃሉ ቅርጽ ግን አልፈረሰም። ሱቅ ሄዳችሁ «ክርቢት ስጠኝ» ብትሉ ባለሱቁ የተደበቀ ፍላጎታችሁን አይመረምርም፤ ክብሪቱን ይሰጣችኋል።

የእናቶቻችንም ነገር እንደዚያው ነው። እናቴ እኔን ለመጥራት ስትነሳ የወንድሞቼን ስም በሙሉ በየተራ ጠርታ፣ አንዳንዴም የሟች አጎቴን ጨምራ፣ በመጨረሻ እኔ ላይ ትደርሳለች። ታዲያ ከኛ መሃል ማንን የበለጠ ትወዳለች ተብሎ ከዚህ ይወጣል? ስማችን የተቀመጠው አንድ ሙዳይ ውስጥ ነው፤ እጇን ስትሰድ አጠገብ ያለው ይመጣል። ጁላይ 11 ቀን 2024 ዋሽንግተን ላይ በኔቶ ስብሰባ ፕሬዚዳንት ባይደን የዩክሬኑን ፕሬዚዳንት ዘለንስኪን «ፕሬዚዳንት ፑቲን» ብለው ወደ መድረኩ ጋበዙ፤ ወዲያው አረሙት። ትንሽ ቆይተው በጋዜጣዊ መግለጫ ምክትላቸውን ካማላ ሃሪስን «ምክትል ፕሬዚዳንት ትራምፕ» አሉ። አስር ቀን ሳይቆዩ ከምርጫው ወጡ። እንደ ቋንቋ ተማሪ ስታዩት ሁለቱም የእናቴ ዓይነት ስህተት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አፋቸው ላይ የዋለው ስም አምልጦ ወጣ። ባይደን ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ መንተባተብ የታገሉ ሰው ናቸው፤ ራሳቸው ደጋግመው ተናግረውታል። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ በክርክር መድረክ ላይ ሐሳባቸው እየጠፋባቸው የታየ ሰው በመሆናቸው ሕዝቡ ለብቻው ቢሆን የሚያልፈውን ስህተት በማስረጃነት መዝገቡት። በዚህ ሕዝቡን አልፈርድበትም፤ ስም መሳሳቱን ብቻ ይዞ «አእምሮው ሄዷል» የሚለውን ግን አልቀበልም። እንዲያማ ከሆነ እናቶቻችን ሁሉ ሄደዋል።

እንግዲህ ፍሮይድ ጨርሶ ተሸነፈ ልል ስል የቡሽ ነገር ይመጣብኛል።

ሜይ 18 ቀን 2022 ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ዳላስ ውስጥ ንግግር ያደርጋሉ። ሩሲያ ውስጥ የሥልጣን ልጓም እንደሌለ እያብራሩ ነው። የዚህ ውጤት ይላሉ፣ አንድ ሰው ብቻውን ወስኖ ፍጹም ምክንያት የሌለውና ጨካኝ ወረራ መክፈቱ ነው… «በኢራቅ ላይ»። ደነገጡ። «በዩክሬን ማለቴ ነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትከሻቸውን ነቅንቀው፣ ኢራቅም ቢሆን እንደዚያው ነው የሚል ነገር አጉረመረሙ። አዳራሹ ሳቀ። «75» አሉ፤ ዕድሜያቸውን ነው፣ ስላረጀሁ ነው ለማለት።

ይህን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። እንደ ሜሪንገር ካሰብነው «ኢራቅ» እና «ወረራ» በዚህ ሰው አእምሮ ውስጥ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም ያልቀረው ጎረቤትነት አላቸው፤ «ወረራ» ሲባል «ኢራቅ» ቢቀድም ከማሽን የሚጠበቅ ነው። እንደ ፍሮይድ ካሰብነው ሌላ ነው። በ1970ዎቹ ማይክል ሞትሊና በርናርድ ባርስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሰዎችን ኤሌክትሪክ ሊነዝራችሁ ነው እያሉ ቃላት ሲያስነብቧቸው ከንዝረት ጋር የተያያዙ ስህተቶች በዝተው ተገኝተዋል። ስለዚህ በሐሳባችን ውስጥ የሚንጎራደድ ነገር በር እየፈለገ መሆኑ ውሸት አይደለም። ግን ጸጸት ይሁን ልማድ፣ ፍርሃት ይሁን ድካም ስህተቱ ራሱ አይነግረንም። ከቡሽ ስህተት በላይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ከስህተቱ በኋላ ያለው ነው፤ ያ ማጉረምረም ወለምታ አልነበረም፣ አውቀው ነው ያሉት። አዳራሹም ሰምቶ ነው የሳቀው። በዚያ ጦርነት ስንት ኢራቃዊ እንዳለቀ የሚያውቅ ሰው እዚያ ሳቅ ላይ ሲደርስ ቪዲዮውን ያቆመዋል።

እዚህ ላይ ዋናውን ቅሬታዬን ላንሳ። ቡሽ ሥልጣን ላይ ሳሉ ዓለም በሙሉ ንግግራቸውን ሲለቅም ነበር፤ ስብስቡ መጽሐፍ ሆኖ ተሸጧል። በሴፕቴምበር 2002 ናሽቪል ላይ «አንዴ ብታታልለኝ እፍረቱ ያንተ፣ ሁለቴ ብታታልለኝ እፍረቱ የኔ» የሚለውን ተረት ጀምረው መጨረሻው ጠፋባቸውና ሁለቴ መታለል የለም ብለው ዘጉት። (ተረት ጀምሮ መጨረሻው የጠፋበት ሽማግሌ በየሠርጉ አይተናል፤ እንዴት እንደሚያላብ።) በኦገስት 2004 ደግሞ ጠላቶቻችን አገራችንንና ሕዝባችንን የሚጎዱበትን አዲስ ዘዴ ማሰብ አያቋርጡም፣ «እኛም አናቋርጥም» አሉ። እውነት ለመናገር እኔም ሆዴን ይዤ ስቄያለሁ።

ግን አስቡት። ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኮሊን ፓወል በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው ከአንድ ሰዓት በላይ ተናገሩ። ድምፃቸው የረጋ፣ ዓረፍተ ነገራቸው የተስተካከለ፣ ሥዕላዊ መግለጫቸው የተሟላ ነበር። ኢራቅ ኬሚካልና ባዮሎጂያዊ መሣሪያ ደብቃለች፣ የምላችሁ ሁሉ በጠንካራ ምንጭ የተደገፈ ነው አሉ። አንዲት ቃል አልተደናቀፉም። በሚቀጥለው ወር ጦርነቱ ተጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ራሷ ያሰማራቻቸው መርማሪዎች አገሩን ሲያስሱ ከርመው የተባለው ክምችት እንዳልነበረ በ2004 ሪፖርት አደረጉ። ፓወልም በ2005 ያ ንግግር በስማቸው ላይ ያረፈ ነቁጥ መሆኑን በቴሌቪዥን ተናገሩ። እንግዲህ በዚያ ዘመን የቡሽን ሰዋስው የሚለቅም ሰው ሞልቶ ነበር፤ ንጹሕ ሰዋስው የለበሰውን የፓወልን ንግግር ግን ስንቱ አጨብጭቦ አሳለፈው። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ለዚህ ወጥመድ ከሌላው ሰው የበለጠ ቅርብ ነን ብዬ እሰጋለሁ፤ ጆሯችን የሰለጠነው ለተሰበረው ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላም አለ፤ ወለምታ የማይመስለኝ ግን ሁልጊዜ ከወለምታ ጋር የሚቆጠር። ኦክቶበር 6 ቀን 1976 ፕሬዚዳንት ፎርድ ከጂሚ ካርተር ጋር ሲከራከሩ ምሥራቅ አውሮፓ በሶቪየት የበላይነት ሥር አይደለም አሉ። ጠያቂው ጋዜጠኛ ጆሮውን ማመን አቅቶት በሌላ አነጋገር መልሶ ጠየቃቸው፤ ማምለጫ ሰጣቸው ማለት ነው። እሳቸው ፖላንድን ሩማንያን እየጠሩ አጠነከሩት። ለማረም ቀናት ፈጀባቸው፤ በኖቬምበር ተሸነፉ። ምላስ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ሲደገም ይመለስ ነበር።

የሮናልድ ሬገንም ቀልድ ነው። በኦገስት 1984 ለሬዲዮ ንግግራቸው ማይክራፎን ሲሞክሩ ሩሲያን ለዘለዓለም የሚያግድ ሕግ ፈርሜያለሁ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቦምብ መጣል እንጀምራለን አሉ። ሾልኮ ወጣ፤ ሞስኮ ተቆጣች። በዚያው ዓመት ምርጫ ግን ከ50 ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ።

የእንግሊዙ ጎርደን ብራውን ግን ያሳዝኑኛል። ኤፕሪል 28 ቀን 2010 በምርጫ ቅስቀሳ ሮችዴል በምትባል ከተማ አንዲት የ65 ዓመት ጡረተኛ መንገድ ላይ አግኝተዋቸው ስለ መንግሥት ዕዳና ከምሥራቅ አውሮፓ ስለሚመጡ ሰዎች አፋጠጧቸው። ብራውን ፈገግ ብለው መለሱ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠየቁ፣ ጨብጠው ተለዩ። መኪና ውስጥ ገብተው በሩ እንደተዘጋ ለረዳታቸው ሴትዮዋን ጠባብ አመለካከት ያላቸው ብለው ተናገሩ። ደረታቸው ላይ የቴሌቪዥን ጣቢያው ማይክራፎን እንደበራ ነው! በዚያው ቀን ሬዲዮ ጣቢያ ተቀምጠው ቅጂው ሲሰማባቸው ግንባራቸውን በእጃቸው ይዘው ታዩ፤ ያቺ ፎቶ የትም አለች። ከዚያ ሴትዮዋ ቤት ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ይህ ፖለቲካ ነው ወይስ የሐሜት ወግ? ሁላችንም ሰው ከሸኘን በኋላ በር ዘግተን የምንለው አለን። ፈገግታውና መኪና ውስጥ ያለው ንግግር ጎን ለጎን ሲሰሙ ነው የሚያቆስለው። ብራውን ሥልጣናቸውን አጡ፤ የሚገርመው ግን ያቺው ሮችዴል በዚያው ምርጫ የብራውንን ፓርቲ እጩ ነው የመረጠችው። ጋዜጠኞች አንድ ስህተት ምርጫ ገለበጠ ሲሉ ይህን አይነግሯችሁም።

አንዳንዱ ደግሞ ከነጭራሹ ያልተሠራ ስህተት ነው። ኬኔዲ በጁን 1963 በርሊን ላይ «እኔ በርሊናዊ ነኝ» ያሉትን «እኔ ቦምቦሊኖ ነኝ» አሉ እያሉ የሚስቁ ብዙ ናቸው፤ እኔም ከአንድ አስተማሪ ሰምቼዋለሁ። ጀርመንኛው ትክክል ነው። በርሊኖች ራሳቸው ያንን ብስኩት በሌላ ስም ነው የሚጠሩት፤ በዚያ አደባባይ የቆመውም ሕዝብ በደንብ ገብቶት ነው የጮኸው። የአሜሪካው ምክትል ፕሬዚዳንት ዳን ኩዌል በበኩላቸው በ1992 አንድ ትምህርት ቤት ገብተው «ድንች» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል ለጻፈ ልጅ መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል አስጨመሩት። በእጃቸው የተሰጣቸው ካርድ ራሱ እንደዚያ ተሳስቶ ነበር የተጻፈው። ያቺ ፊደል እስከ ዛሬ ከስማቸው አልወረደችም። ሁለት «ሰ»፣ ሦስት «ሀ» ይዘን «ሠራዊት» በየትኛው ነው እያልን ስንጣላ የምንውል ሰዎች ለኩዌል ማዘን ያለብን ይመስለኛል።

(ውጫሌን ለምን አላነሳህም የሚለኝ አይጠፋም። ተጽፎ፣ ታርሞ፣ ማኅተም የተመታበት የ1889 ውል አንቀጽ 17 በአማርኛ አንድ በጣሊያንኛ ሌላ ሲል ወለምታ አልለውም።)

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ ልግባ። እንደምናውቀው ሀገራችን አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገሩ ባለሥልጣናት የሞሉባት ናት። ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈትና አንዱ ሲናገር ጆሯችሁን ጣል አድርጉ፤ የመጀመሪያው ሳቅ የሚመጣው በወንድና ሴት አንቀጽ መቀላቀል ላይ ነው። ምን አለ ሰውዬው? ግብር ጨመረ ወይስ ቀነሰ? እሱን የሰማ የለም፤ «መጣች» ማለቱን ግን ሁሉም ሰምቷል። ፒት ኮርደር በ1967 አንድ ቁም ነገር ለይቶ አስቀምጦልናል፤ የሚያውቀውን የተደናቀፈበት ሰው ስህተትና ቋንቋውን ገና በመማር ላይ ያለ ሰው ስህተት አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ሰውዬው የደረሰበትን ደረጃ የሚያሳይ ነው። ይህን ለፈተና ሁላችንም ጽፈነዋል፤ ማርክም አግኝተንበታል።

ይሁን እንጂ ባለፈው ዓመት አንድ የዶርም ጓደኛዬ፣ አማርኛን አስረኛ ክፍል ከገባ በኋላ የለመደ ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ጥናቱን ሲያቀርብ ከኋላ ወንበር የተነሳው ሳቅ እስከ ፊት ደረሰ። ጥናቱ ከቀረቡት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ይህን የምለው ጓደኛዬ ስለሆነ አይደለም። መምህሩም ፈገግ አለ። በቀጣዩ ጊዜ ተራው ሲደርስ «ጽፌ ላስገባ» አለ። «ፕሬዘንቴሽን ነው» ተባለ፣ አልቀረበም፣ ማርኩ ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፁን አልሰማንም።

ዝም ብሎ ግን አልተቀመጠም። ትንሽዬ ደብተር ገዛ። የምንናገረውን ይጽፋል፤ አፍ የፈታንበት ነው እያልን የምንኮራበትን የኛን አማርኛ። ማን እንዳለው አይጽፍም፤ ምን ለማለት ተፈልጎ ምን እንደወጣ፣ የትና ምን ሲደረግ እንደሆነ ብቻ ነው። መጀመሪያ ለበቀል መስሎኝ ነበር፤ አንድ ቀን ሲያሳየኝ ግን በአምድ በአምድ ከፋፍሎታል፤ ድምፅ የተለዋወጠበት፣ ቃል የተተካበት፣ ሁለት ቃል የተዋሃደበት፣ አንቱታና አንተታ የተምታታበት። ከአንድ መምህር የተሰማም አለበት፤ የትኛው መምህር እንደሆነ ግን አልነገረኝም። የመጨረሻው አምድ «ምክንያት» ይላል፤ አብዛኛው ባዶ ነው። የቡሽን የ2022ቱን ስህተት ባሳየው «አማርኛ አይደለም» ብሎ ሳይመዘግበው ቀረ።

አሁን ለመመረቂያ ጽሑፉ ሊያደርገው አስቧል፤ አማካሪም አግኝቷል። ናሙናው ግን ከአንድ ዶርምና ከአንድ ክፍል ብቻ የተሰበሰበ ስለሆነ አነሰበት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችና መምህራን በየዕለቱ የምትሰሙትን የአማርኛ የአፍ ወለምታ፣ የተባለውንና ሊባል የታሰበውን፣ ቀኑንና ቦታውን ጭምር በወረቀት ጽፋችሁ በመጽሔቱ ሣጥን ብትጨምሩለት ይደርሰዋል። የተናጋሪው ስም አያስፈልግም።